ፊልትሮው ይጠብቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሕልሜ ሁሉ ፊልትሮ ሆኗል። ቀን ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ሸለብ ባደረገኝ ቁጥር ከአንድ ትራክተር ሆድ ሥር ተንጋልዬ ራሴን አገኘዋለሁ። ከፊቴ የሞተር ዘይት ፊልትሮ አለ፤ በሁለት እጄ አቅፌ አዞረዋለሁ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ትራክተሩ ባሮ ወንዝ ውስጥ ቆሞ አየዋለሁ። ውኃው በጎኔ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ዓሦች በጣቶቼ መካከል ይሹለከለካሉ፣ እኔ ግን አሁንም ያንኑ ፊልትሮ እንዳቀፍኩ ነኝ። ስነቃ መዳፌ እንደ ተጨበጠ ነው።

ባለቤቴ ዘይነባ በዚህ ነገር ትስቅብኛለች። «ዕድሜህን ሙሉ ብሎን ስትፈታ ኖርክ፤ አሁን ደግሞ ሕልም ፈቺ ልትሆን ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ በቋንቋችን ብሎንም ሕልምም የሚፈታው በአንድ ቃል ነው። እኔ ግን ብሎን እንጂ ሕልም ፈትቼ አላውቅም። «ሕልም እልም» እልና ፊቴን ታጥቤ ወደ መስጊድ እወጣለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ደመናው ከምዕራብ በኩል መቆለል በጀመረበት ሰሞን፣ ከእንዲህ ዓይነቱ እንቅልፍ የቀሰቀሰኝ ስልክ ነበር። የደወለው ጋትዌች ነው። ጋትዌች ኑዌር ነው፣ የትራክተር ሹፌር፤ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል።

«ሰይዶ፣ ማሌ!» ሲል በኑዌርኛ ሰላም አለኝ። «ተኝተሃል?»

«ጡረተኛ ሌላ ምን ይሠራል?»

«ተነሣ። የአሪየት ትራክተር፣ ፊልትሮው እምቢ ብሏል። ጎረምሶቹ በካቻቢቴ ወግተን እናዙረው ይላሉ። እኔ፣ ማንም አይነካም ብያለሁ። ይኼ ፊልትሮ የጋሽ ኦመድ እጅ ነው። አንተ አውጣው።»

ዘይነባ ጫማዬን ስፈልግ አይታ «ሕልሙ መጣልህ» አለችኝ። ስለዚያ ፊልትሮ ለመናገር ግን ከጋሽ ኦመድ መጀመር አለብኝ፤ የእኔ የሥራ ዘመንም የሚጀምረው ከሱ ነው።

ወሎ ተወልጄ ቤተሰቤ ለሰፈራ ሲመጣ ነው ጋምቤላን ያወቅኳት። ከቡሬ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታችንን ገረፈን፤ እናቴ «እዚህ አገር ፀሐይዋን ማን ነው ያወረዳት?» አለች። እኔ ግን ያንን ሰፊ ሜዳና ያንን የማይቸኩል ወንዝ ገና እንዳየሁት ወደድኩት። ከፍ ስል አቦቦ አጠገብ በነበረ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፤ እሱም ስለኔ ብዙ አልተናገረም።

ጋሽ ኦመድ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበር። አኙዋክ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፤ ትራክተር ሥር ለመግባት ሲታጠፍ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ፕሮቴስታንት ነው፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይቆማል። አንድ ትራክተር ተበላሽቶ ሲመጣ መጀመሪያ ሹፌሩን ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል። ሚስትህ እንዴት ናት፣ ልጆችህ፣ ከብቶችህ። ከዚያ መዳፉን የሞተሩ ጎን ላይ ያሳርፍና ዝም ብሎ ይቆማል። እኔ መጀመሪያ የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ለካ ሙቀቱን እየለካ ነው። «የታመመ ሰው ግንባሩን ሳትነካ መድኃኒት ትሰጣለህ?» አለኝ ስጠይቀው።

የፈታውን ብሎን ሁሉ በናፍጣ አጥቦ፣ በፈታበት ተራ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ይደረድረዋል። ጆንያውን የረገጠ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ከሁሉ የማልረሳው ግን መዝሙሩን ነው። ጋሽ ኦመድ ሰዓት አያስርም። ዝገት የያዘው ብሎን ላይ ናፍጣ ጠብ አድርጎ፣ በአኙዋክኛ አንድ መዝሙር ይጀምራል። መዝሙሩ ሳያልቅ ቁልፍ አያነሣም። ከጠና ነገር ጋር ከተገናኘ ረጅሙን መዝሙር ይመርጣል። እኔ ሙስሊሙ የወሎ ልጅ ከሱ ጋር ስውል ስውል መዝሙሮቹን ሁሉ በቃሌ ያዝኳቸው። አንድ ቀን ዓሣ እየበለትኩ ሳዜም ዘይነባ ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ወደየት እየሄድክ ነው?» ብላኛለች።

ፊልትሮ ሲገጥም ደግሞ የራሱ ወግ አለው። አዲሱን ፊልትሮ ገልብጦ፣ አፉ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀለበት በጣቱ ጫፍ ዘይት ይቀባዋል፣ ሕፃን እንደሚቀባ ሰው። ከዚያ በእጁ ያዞረዋል። ቀለበቱ ብረቱን ሲነካ እንደገና ጥቂት ያዞርና እጁን ያነሣል። ቁልፍ የሚባል ነገር ወደ ፊልትሮ አያስጠጋም። ያን ጊዜ ሁልጊዜ አንዲት ቃል ይናገራል፦ «ይጠብቃል።»

ትምህርት ቤት «ይህ ፊደል ጠብቆ ይነበባል፣ ይህ ላልቶ ይነበባል» እየተባልን የተማርነው ትዝ ይላችኋል? «ይጠብቃል» የምትለዋ ቃል የዚያ ትምህርት ፈተና ናት። ‘ብ’ን ረገጥ አድርገው ካሏት፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላውን ይጠብቃል፣ ይታገሣል ማለት ነው። ‘ብ’ን ካላሏት ደግሞ ብሎኑ ይጠብቃል፣ አይላላም ማለት ነው። የሚያስቀው፣ ቃሏ የምትጠብቀው ስትታገሥ ነው፤ ስትላላ ግን ብሎን ታጠብቃለች። በፊደል ሲጻፉ ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ጋሽ ኦመድ አማርኛ የተማረው ከሹፌሮችና ከመለዋወጫ ነጋዴዎች ነው። ‘ብ’ዋ በአፉ ውስጥ ጠበቀችም ላላችም ሳትባል፣ ከሁለቱ መሀል ቆማ ነበር የምትወጣው። ፊልትሮ ሲገጥም «ይጠብቃል» ካለ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ራሱ ይጠብቃል ማለቱ ነው ብዬ እይዛለሁ። የጠና ፊልትሮ ለመፍታት ስንታገል «ይጠብቃል» ካለ ደግሞ፣ አትቸኩል፣ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሃል ማለቱ ነው እላለሁ። አንዴም አልጠየቅኩትም። ሰው መምህሩን ይህን ያህል ከለመደው፣ ያልገባውንም እንደገባው አድርጎ ይኖራል።

የጠና ፊልትሮ አፈታቱንም ያሳየኝ እሱ ነው። ፊልትሮ ከላይ ሲያዩት ብረት ይመስላል እንጂ ቆርቆሮ ነው፤ ከተቆጡበት ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። አንዳንዱ መካኒክ በካቻቢቴ ወግቶ ከጎን ወደ ጎን ያሳልፍና እንደ እጀታ ይዞ ያዞራል። ከቀናው ይወጣል። ካልቀናው ግን ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተቀዶ ግርጌው ሞተሩ ላይ ይቀራል፣ ወይም ጥርስ ያለው ቱቦ ተሰብሮ ይመጣል። ያን ጊዜ የሞተሩ አፍ ተበላሸ ማለት ነው። ጋሽ ኦመድ ሞተሩን አስነሥቶ ዘይቱ እስኪሞቅ ያቆየዋል፤ የጎማ ቀለበቱ በሙቀት ይለሰልሳል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ላስቲክ ፊልትሮው ላይ ከግርጌው ጠጋ አድርጎ ይጠመጥማል። በሁለት መዳፉ ይይዛል። አይነቀንቅም፣ አይመታም፤ ዝም ብሎ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ይጫነዋል፣ መዝሙሩንም ይጀምራል።

እርሻው ከተዘጋ በኋላ ሁለታችንም ወደ ከተማው ጋራዥ ተዛወርን። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፤ ትራክተር ሥር ተኝተንም ስብሰባ ይጠራናል፣ እኛም ከዚያው ሆነን «እንስማማለን» እንላለን። ሌላው ቁልፍና መዶሻ አይለይም፣ ግን ሙቀቱ ሲበረታ በረዶ የገባበት ውኃ ራሱ ተሸክሞ ያመጣልን ነበር። ዛሬም ስሙ ሲነሣ እመርቀዋለሁ። ሥራችን በየመንደሩ ያሉ የገበሬ ማኅበራትን ትራክተሮች ማደስ ሆነ። በኢታንግ መንገድ ስንመላለስ ወደ ኩሌና ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያዎች የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች አቧራ ውስጥ እንጠፋለን፤ አቧራው ሲገለጥ የጋሽ ኦመድ ጥርስ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። አሁን ያንን መንገድ ሳስበው ሁሉ ነገር በዚያ ቀይ አቧራ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ሰዎቹም፣ ከብቶቹም፣ እኛም።

ከማኅበሮቹ አንዱ በኢታንግ መንገድ፣ ባሮ ዳር ያለው የጋሽ ኦመድ የትውልድ መንደር ነው። የሴቶች ማኅበር ነው፤ መሪያቸው የሱ ታላቅ እኅት አሪየት ናት። አሪየት ለወንድሟ እንደ እናት ናት፤ እኛም እትዬ አሪየት እንላታለን፣ እንፈራታለንም። የማኅበሩን ትራክተር የሚነዳው ጋትዌች ነበር። በአኙዋክ መንደር ኑዌር ሹፌር መሆን ያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ጋትዌች ግን ከሥራው በቀር ሌላ ወሬ የማያውቅ ሰው ነው።

አንድ ዓመት፣ ልክ እንደ ዘንድሮው ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ እርሻው በተጀመረ ማግስት ጋትዌች ደወለልኝ። እኔ አቦቦ ሌላ ትራክተር ላይ ነበርኩ።

«ሰይዶ፣ ፊልትሮው ያለቅሳል» አለኝ።

ፊልትሮ አለቀሰ የምንለው ከቀለበቱ ሥር ዘይት ጠብ ጠብ ሲያደርግ ነው። ያ ትራክተር እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ዘይቱን እያዩ ከሞሉለት ችግር የለውም። «ዘይቱን እያየህ ጨምር። አትንካው። ፊልትሮው ይጠብቃል፣ ነገ እመጣለሁ» አልኩት። እኔ ያልኩት ጠብቆ የሚነበበውን ነው፤ ፊልትሮው ይታገሣል፣ እስክመጣ ይቆያል።

የጋምቤላን ኔትወርክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለጋትዌች የደረሰው «ፊልትሮው ይጠብቃል» የምትለው ብቻ ነበረች። እሷም ላልታ ደረሰች። መካኒኩ ፊልትሮው መጥበቅ አለበት አለ ብሎ፣ ሰንሰለት ያለውን ቁልፍ አምጥቶ፣ በዚያ በጡንቻው አጠበቀው። ልቅሶው ቆመ። ደስ ብሎት ወደ እርሻው ተመለሰ።

የታመቀው የጎማ ቀለበት ግን ሞተሩ ሲግል ተሰነጠቀ። ዘይቱ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። የዘይቱ መብራት ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ጋትዌችም በአቧራው ውስጥ ከኋላው የሚፈሰውን አላየም። ያየው ሞተሩ ጮኾ ቀጥ ሲል ነው። ነከሰ፤ ውስጡ ተጣብቆ ቀረ ማለት ነው። በማግስቱ ስደርስ ያ ትልቅ ማሳ ዳሩ ላይ ጥቂት ትልም ብቻ ይዞ ተኝቷል፣ ትራክተሩ መሀሉ ላይ ቆሟል፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እንደ ለቅሶ ቤት ነበር። ጋሽ ኦመድ ደርሶ መዳፉን ሞተሩ ጎን ላይ አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ።

መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዝናቡ ገባ፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በለጠ። ማሳው ጦም አደረ። በዚያ ዓመት ሴቶቹ ለዘር ያስቀመጡትን ማሽላ በሉት። ዘሩን የበላ ገበሬ ምን እንደሚሰማው እኔ ከወሎ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴም አንድ ዓመት ዘሯን ፈጭታ አብልታናለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሰፈራ የተመዘገብነው።

ከርሀቡ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ወሬው ነበር። «ኑዌሩ ትራክተሩን ሆን ብሎ ነው የገደለው» ተባለ። ያን ሰሞን ከተማችንም ታማ ነበር፤ ምን እንደነበር አልዘረዝርም፣ የነበረ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ክብሪት ነው። የጋትዌች ሚስት ገበያ መውጣት አቆመች። የሠፈሩ ጎረምሶች ቤቱን ሲጠይቁ ሰማን። የሚጠይቁት ሊጎበኙት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ባሮ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ሰው ሰበሰቡ። ጋትዌች መጣ፣ ብቻውን። እትዬ አሪየት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ጠየቀችው።

«አጥብቅ ያለህ ማን ነው?»

«ሰይድ ነው። በስልክ ነገረኝ። ይጠብቃል አለኝ።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። «እኔ ያልኩት ይጠብቃል ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተቆጣ። «ያው አይደለም እንዴ! ምን ትደብቃላችሁ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እኔ ስለ ጠብቆና ላልቶ ማስረዳት ጀመርኩ። በአማርኛ ስናገር አንዱ ሽማግሌ ወደ አኙዋክኛ ይመልሰዋል፤ ሲመልሰው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይጠፋል። በአኙዋክኛ መጠበቅ ሌላ ቃል ነው፣ መጥበቅም ሌላ ቃል ነው። በቃ፣ ሁለት ሰዎች ተማክረው የሚዋሹ መሰልን። ጋትዌች ወደኔ ጠጋ አለ። እኔም ፈራሁ፤ ያን ቀን እንደፈራሁ ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ኦመድ ከዛፉ ግንድ ጋር ተደግፎ ቆሞ ነበር። ወደ መሀል ወጣ።

«ሰይድ፣ ሁለቱንም በላቸው» አለኝ። አልኳቸው። አንዱን ረገጥ አድርጌ፣ አንዱን አላልቼ።

ወደ እኅቱ ዞረ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ለጋትዌችም እንዲሰማ፣ ኋላ በአኙዋክኛ ተናገረ። «አሪየት፣ እኔ ለዚህ ልጅ ሥራ ያስተማርኩት በዚህ አማርኛ ነው። እነዚህን ሁለቱን እስከ ዛሬ አልለያቸውም። ለኔ አንድ ናቸው። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ብሆን፣ እኔም አጠብቀው ነበር።»

እትዬ አሪየት ወንድሟን ረጅም ጊዜ አየችው። የመንደሩ ልጅ፣ መሪ መካኒኩ፣ በገዛ እኅቱ ማሳ ላይ ያንኑ ያደርግ ከነበረ፣ ኑዌሩ ሆን ብሎ ነው የሚለው ወሬ የሚቆምበት እግር የለውም። በመጨረሻ «እንግዲህ ሦስታችሁም ቂሎች ናችሁ» አለች። ሰው ሳቀ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ጋትዌች ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በበነጋታው ሚስቱ ገበያ ወጣች።

መለዋወጫው ሲመጣ ሞተሩን የሠራው ጋሽ ኦመድ ራሱ ነው፤ ፊልትሮውንም በእጁ ገጠመው። «ይጠብቃል» አለ እንደ ልማዱ፣ እኔና ጋትዌችም ተያይተን ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ በሽታ ጣለው። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለ፤ ሲናገርም አማርኛው ሄዶ አኙዋክኛው ብቻ ቀረ። ጠያቂ ሆኜ ስሄድ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ እኔም በቁራጭ አኙዋክኛዬ ስለ ወንዙ አወራዋለሁ። ስለ ፊልትሮ ግን ቋንቋ አጣን። ማኅበሩም ተዳክሞ ትራክተሩ ከመጠለያው ሥር ቆመ። ጋትዌች ሌላ ቦታ ተቀጥሮም አልፎ አልፎ እየመጣ ሞተሩን ያስነሣው ነበር፤ እንዳይሞት። ማንም አላዘዘውም።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ ሴቶቹ እንደገና ዘርና ናፍጣ ያገኙት። ይህን ያህል የቆመ ሞተር ግን ዘይቱና ፊልትሮው ሳይቀየር ማሳ አይገባም። ስደርስ እትዬ አሪየት የዘሩ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ደመናው ከወንዙ ማዶ ጠቁሯል።

«ሰይድ፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም፣ እትዬ አሪየት።»

«ሁለተኛ ዘር አልበላም። ጥርስም የለኝም» አለችኝ።

ትራክተሩ ሥር ገባሁ። የጎረምሶቹ ሰንሰለት ፊልትሮው ላይ ጥርሱን ጥሎበታል፤ ጎኑ ትንሽ ጎድጉዷል፣ ግን አልተቀደደም። ጋትዌች በጊዜ ደርሷል። መጀመሪያ መዳፌን ሞተሩ ጎን ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ ጋትዌች ሞተሩን አስነሣ፤ ዘይቱ እስኪሞቅ እዚያው ተንጋልዬ ከላዬ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ሲያጠፋው ላስቲኩን ከግርጌው ጠመጠምኩ፣ በሁለት መዳፌ ያዝኩ፣ ተጫንኩ። ንቅንቅ የለም። ሕልሜ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ዓሦቹ ብቻ ቀሩ።

«በቃ በካቻቢቴ ይሁን፣ ዝናብ መጣ» አለ አንዱ ጎረምሳ ከላይ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?» አልኩት። እንዲህ አልኩ እንጂ እኔም ሰግቼ ነበር። ቱቦው ቢሰበር ዘንድሮም ማሳው ጦም ማደሩ ነው፤ የጋሽ ኦመድም የመጨረሻ ሥራ በኔ እጅ ይበላሻል።

ከዚያ ሳላስበው መዝሙሩን ጀመርኩት። ረጅሙን። ድምፄ ለመዝሙር የተፈጠረ አይደለም፣ ግን ከትራክተር ሥር ማን ያያል? ጥቂት እንደሄድኩ ከውጭ አንዲት ሴት ተቀበለችኝ። ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚያ ማሳው ዳር ያሉት ሁሉ ይዘምሩ ጀመር፤ እኔ የረሳሁትን ስንኝ እነሱ ይሞሉልኛል። እግራቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። አየሩ ዝናብ ዝናብ ይሸታል፤ መዝሙሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ከሰዎቹ ይሁን ከወንዙ፣ መለየት አቃተኝ። እጄን ግን አላላላሁም። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስንደርስ ከመዳፌ ሥር አንዲት ነገር እሺ አለች። ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ፊልትሮው ዞረ። ጥቁሩ ዘይት በክንዴ ወረደ፣ እኔም ከዚያው ሆኜ እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

አሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። በጣቴ ዳብሼ አገኘሁትና በጥፍሬ ላጥኩት፤ በሱ ላይ አዲስ ቢገጠም ያ ሁሉ ልቅሶ እንደገና ይመጣል። ቱቦው ደኅና ነው። የአዲሱን ፊልትሮ ቀለበት ዘይት ቀባሁ፣ በእጄ አዞርኩ፣ ጥቂት ጨመርኩ። «ይጠብቃል» አልኩ።

«የትኛው?» አለ ጋትዌች ከላይ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ማረሻው አፈሩን ሲገለብጥ እትዬ አሪየት ከጆንያው ላይ ተነሥታ በባዶ እግሯ ትልሙ ውስጥ ገባችና እዚያው ቆማ ቀረች።

አሮጌውን ፊልትሮ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጋሽ ኦመድ ሄድኩ። ቤቱ እዚያው ቅርብ ነው፤ ማንጎው ሥር፣ ፊቱን ወደ ባሮ አድርጎ ተቀምጧል። መዝሙሩ ሳይደርሰው አልቀረም፣ ከሩቅ እያየኝ ነበር። ፊልትሮውን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አሸተተው። የሰንሰለቱን ጥርስ ቦታ በጣቱ ዳሰሰና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ የቆርቆሮውን ግርጌ ነካ፤ አለመቀደዱን ሲያውቅ ግንባሩ ተፈታ።

የሚታዘዝለትን እጁን አንሥቶ፣ ፊልትሮ እንደሚያዞር ሰው በአየር ላይ አዞረ። «ይጠብቃል» አለ። በአማርኛ። ‘ብ’ዋ ላላ ያለች ነበረች። ቀጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ወደ እኔም ጠቆመ። «ይጠብቃል» አለ እንደገና። አሁን ‘ብ’ዋን ረገጣት። ጥርት አድርጎ፣ ልክ እንደ ወሎ ሰው።

በሽታ አማርኛን ይወስዳል እንጂ ያልነበረ አማርኛ አይሰጥም። ይህ ሰው ሁለቱን ድሮም ይለያቸው ነበር። ያን ቀን ከዚሁ ማንጎ ሥር፣ በወገኖቹ ፊት፣ በገዛ እኅቱ ፊት፣ «አልለያቸውም፣ እኔም አጠብቀው ነበር» ያለው ዋሽቶ ነው። የዕድሜ ልክ ክብሩን ከጋትዌች ስሕተት አጠገብ አስቀመጠው። ሳየው በዚያ በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሏል። እጁን ይዤ አለቀስኩ፤ እሱም አላስቆመኝም፣ መዝሙሩን በአፍንጫው ማዜም ጀመረ።

ስመለስ ጋትዌች ትራክተሩን ማሳው ዳር አቁሞ ውኃ ይጠጣል። ግማሹ ማሳ ተገልብጧል፣ የመጀመሪያው ጠብታም ጀምሯል።

«ጋሽ ኦመድ ምን አለ?»

«ይጠብቃል አለ።»

«በአማርኛ?» ዓይኑ በራ። ከዚያ ቀረብ አለኝ። «የትኛውን?»

ፊቱን አየሁት። ያን ቀን ከማንጎው ሥር የተሰበሰበውን ሰው፣ እሱ ብቻውን መምጣቱን፣ «እኔም አጠብቀው ነበር» በምትል አንዲት ቃል ላይ ቆሞ የኖረውን ሕይወቱን አሰብኩ።

«እንጃ» አልኩት። «እንደ ድሮው ነው። አልለየሁትም።»

«እሱ መቼ ይለያል!» ብሎ እየሳቀ ወደ ትራክተሩ ወጣ።

ይህን ጽሑፍ ለጋትዌች የሚያነብለት ሰው ቢኖር፣ አደራ፣ የጋሽ ኦመድን ሁለቱንም «ይጠብቃል» አላልቶ ያንብብለት።